ልጄ ከእንግሊዝ የስሌት ድንጋይ ክዳን ልላክ ይላል፤ ምን ልመልስለት?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ሆነን በቦኩ በኩል 150 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ ባለ አንድ ወለል ቤት እየሠራን ነው። ዓምዱ ቆሟል፣ ብሎኬቱ ተደርድሯል፣ የላይኛው ማሰሪያ ቢም ተሞልቷል፤ የቀረው ጣሪያው ነው። እንግሊዝ አገር የሚኖረው ልጃችን ቤቱ ስሌት በሚባለው ስስ የጣሪያ ድንጋይ ካልተከደነ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። የሚኖርበት ቤት ከመቶ ዓመት በላይ እንደሆነው፣ ጣሪያው ግን ዛሬም ጠብታ እንደማያስገባ ይነግረናል። ከፈረሱ ቤቶች የወጣ ድንጋይ በቅናሽ ስላገኘ በኮንቴይነር ልላክ እያለ ነው። ባለቤቴ ያደግንበት ቆርቆሮ ይበቃናል ይላል። አናጺያችን ደግሞ ድንጋዩ ይምጣ እንጂ እኔ እከድነዋለሁ፣ ባህር ዛፉም ይችለዋል ብሎናል፤ ሥራውን የሚጀምረው ከጥምቀት በኋላ ነው። ልጄን ማስቀየም አልፈልግም፤ ቤቱም እንዲጎዳ አልሻም። ይህ ድንጋይ ለአዳማ ይሆናል? ከተከደነ በኋላስ እንክብካቤው ምንድን ነው?

የአዳማዋ እናት»

መልስ፦

ውድ የአዳማዋ እናት፣

ሌላውን ከማንበብዎ በፊት ለልጅዎ ይደውሉለትና ድንጋዩን ገና እንዳይገዛ ይንገሩት። ነገሩ ቀርቷል ማለቴ አይደለም። ድንጋዩ ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ «ቤቱ አይችለውም» የሚል ቃል ቢመጣ ግን ገንዘቡ ይባክናል፣ ልጅዎም ያዝናል። መጀመሪያ የመሐንዲስ ሒሳብ፣ ቀጥሎ ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨት ወይም ብረት ይታሰብ፤ ድንጋዩ የመጨረሻው ነገር ነው።

ልጅዎ ስለ ድንጋዩ የነገረዎት እውነት ነው። ስሌት ጥንት ደለል የነበረ፣ ከመሬት በታች በግፊትና በሙቀት ጠንክሮ በስስ በስሱ የሚሰነጠቅ አለት ነው። አይዝግም፣ አይበሰብስም፣ እሳት አይዘውም፣ ውሃም እምብዛም አይመጥጥም። የዌልስ የስሌት ማውጫዎች አካባቢ በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የእንግሊዝን ከተሞች ለትውልዶች የከደነው አንዱ ትልቅ ምንጭ እሱ ነበርና። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ስሌት አብዛኛው ከስፔን የሚመጣ ነው። ጥሩ ድንጋይ በጥሩ እጅ ከተከደነ መቶ ዓመት መኖሩ የተለመደ ነው።

ይሁንና የልጅዎ ቤት ጣሪያ ያን ያህል የኖረው በድንጋዩ ብርታት ብቻ አይደለም። ግድግዳው፣ ወራጁና ማገሩ ከመጀመሪያው ቀን ያንን ክብደት እንዲሸከሙ ተብለው ነው የተሠሩት። የእርስዎ ቤት ዓምድና ቢም ግን ቆርቆሮ ታስቦ እንደተሠራ ከደብዳቤዎ ይገባኛል፤ ልዩነቱንም በቁጥር ቢያዩት ይሻላል። 150 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ ቤት ተዳፋቱና ወጣ ያለው ጠርዙ ሲጨመር የጣሪያው ስፋት 180 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደህና ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ግራም ቢመዝን ክዳኑ በሙሉ 720 ኪሎ ግራም ነው። ስሌት ግን ተደራርቦ ስለሚነጠፍ በየትኛውም ቦታ ቢያንስ ሁለት ድርብ ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በካሬ ሜትር እስከ 35 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሲባዛ 6,300 ኪሎ ግራም! ይህም ድንጋዩን ለመሸከም የሚጨመረውን እንጨትና ብረት ሳይቆጥር ነው።

ይህ ክብደት አዳማ ላይ ሁለት ፊት አለው፤ ለዚህም ነው «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ብዬ በአንድ ቃል ልመልስልዎ ያልቻልኩት። አንደኛው ፊት ነፋሱ ነው። የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በ2012 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምሩ አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ነበር። ቦታው የተመረጠው ነፋሱ አስተማማኝ ስለሆነ ነው። ያው ነፋስ በጠርዝና በማዕዘን በኩል ገብቶ ቆርቆሮን ከሥሩ ይነቅላል። ከባድ ክዳን በዚህ በኩል ይረዳል፤ ነፋሱ በቀላሉ አያነሳውም። በመጠንቀቂያ ቦታ፣ ማለትም በጠርዝና በአናቱ ላይ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ በሁለት ምስማር ከመያዙ በላይ መንጠቆ ከተጨመረለት ከነፋስ በኩል ስጋቱ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ፊት መሬቱ ነው። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ በአገራችን የግንባታ ደንብም ለርዕደ መሬት ከፍ ያለ ጥንቃቄ ከሚጠየቅባቸው አካባቢዎች ትመደባለች። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል እየተደጋገመ የነቀነቀን፣ ከ5 በላይ መጠን የደረሰበትም ጊዜ የነበረው፣ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው መንቀጥቀጥ ከእርስዎ ቤት ሩቅ አልነበረም። መሬት ሲናወጥ ቤቱን የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ ጋር ያድጋል፤ ክብደቱ አናቱ ላይ ከሆነ ደግሞ የከፋ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ከባድ ሸክም የተሸከመ ሰው በድንገት ሲገፈተር እንደሚሆነው ማለት ነው። በዚያ ላይ አንዲት 50 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነች ስሌት ብቻዋን ከ1.7 ኪሎ ግራም በላይ ትመዝናለች። ከጠርዝ ተነቅላ በሩ ላይ በቆመ ልጅ ላይ ብትወድቅ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም።

ነፋሱ ከባድ ጣሪያ ይፈልጋል፣ መሬቱ ቀላል። የትኛው ይበልጣል ብለው ቢጠይቁኝ አላመነታም፤ መሬቱ ይበልጣል። ቀላል ጣሪያን ከነፋስ ማዳን የሚቻለው በጥቂት ብረትና በጥንቃቄ ነው፤ ከባድ ጣሪያን ከመንቀጥቀጥ ማዳን ግን ከመሠረቱ የሚጀምር ሥራ ነው፣ የእርስዎ መሠረት ደግሞ ተሞልቶ አልቋል።

ስለ አናጺው ልናገር። ቅን ሰው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ቆርቆሮ በመክደን የተካነም ይሆናል። ነገር ግን «ባህር ዛፉ ይችለዋል» የሚለው ቃል በጣም ያሳስበኛል። ያልደረቀ ባህር ዛፍ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሸበሸባል። ቆርቆሮ ረጅምና ተጣጣፊ ስለሆነ ያንን ይታገሳል። ስሌት ግን አይታጠፍም። ማገሩ በጣት ውፍረት ከተነሳ ድንጋዩ ይንቀጫቀጫል፣ በሥሩ ነፋስና ዝናብ ይገባል፣ ውሎ አድሮ ምስማሩ ጋ ይሰነጠቃል። ምስጥ የነካው እንጨት ከሆነማ ስድስት ቶን ድንጋይ ከእናንተ መኝታ በላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ስሌት የሚቀመጠው በደረቀ፣ በመጋዝ በተስተካከለና የምስጥ መድኃኒት በጠጣ ጣውላ ላይ ወይም በብረት ትራስ (ጣሪያውን በሚሸከመው የብረት አጽም) ላይ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ማንም ቢነግርዎ አይቀበሉ።

ተዳፋቱንም ይጠይቁ። አዳማ ላይ ብዙ የቆርቆሮ ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ለቆርቆሮ ጉዳት የለውም። ስሌት ግን ውሃን የሚያባርረው በቁልቁለት እንጂ በመገጣጠም አይደለም። 30 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው፤ ይህም በየአንድ ሜትሩ 58 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ድንጋዩ የበለጠ መደራረብ አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ነፋስ የሚነዳው የሐምሌ ዝናብ ወደ ላይ እየተገፋ ይገባል። ንድፍዎ ጣሪያውን በግንብ ጠርዝ የሚደብቀው ዓይነት ከሆነ ስለ ስሌት ማሰቡን እዚሁ ያቁሙት።

አሁን ወደ ልጅዎ ድንጋይ። «ከፈረሱ ቤቶች የወጣ» የሚለው ሲያነቡት እንዳላስደነገጠዎት ይገባኛል፤ እኔን ግን አስደንግጦኛል። እንግሊዝ አገር ስሌት የሚመስል ነገር ሁሉ ድንጋይ አይደለም። ከሲሚንቶና አስቤስቶስ ከሚባለው ክር መሰል ማዕድን የተሠራ ሰው ሠራሽ ስሌት ለብዙ አሥርት ዓመታት ተሸጧል፤ በዚያ አገር አስቤስቶስ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቁራጭ ሲቆረጥና ሲበሳ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ ካንሰር የሚዳርግ ነው፤ ቆራጩ ደግሞ የእኛው አናጺ ሊሆን ነው። ልጅዎ የጠርዙን ስብራት ይመልከት። የተፈጥሮ ስሌት ሲሰበር ንብርብር ሆኖ ይታያል፣ ፊቱም ወጥ አይደለም። ሰው ሠራሹ ዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት አለው፣ ጀርባው ላይ አንዳንዴ የፋብሪካ ምልክት አለበት፣ ስብራቱም ክር መሰል ነገር ያሳያል። ጥርጣሬ ካለው አይንካው፣ አይላክም።

እውነተኛው ድንጋይ ከሆነም መፈተን አለበት። አንዱን ጫፉን አንጠልጥሎ በጣት አንጓ መምታት የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ዘዴ ነው፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ወይም ያረጀው የታፈነ። ጥቂቱን አቁሞ ግማሽ ቁመታቸውን ውሃ ውስጥ ማሳደርም ይቻላል። ጠዋት እርጥበቱ ከውሃው መስመር ብዙ ሽቅብ ከወጣ ድንጋዩ ውሃ ይመጥጣል ማለት ነው፤ የአውሮፓ ደረጃ ለተሻለው ምድብ ከክብደቱ 0.6 በመቶ በላይ መምጠጥ አይፈቅድም። ወርቅ የሚመስሉ ብልጭልጭ ነጥቦች ካሉበትም ይጠንቀቅ። አንዳንዱ ነጥብ ጉዳት የለውም፤ የሚዝገው ዓይነት ግን ከጥቂት ክረምት በኋላ ጣሪያውን በቡናማ ጅረት ያበላሸዋል፣ አልፎም ይበሳዋል። የተጠቀሙበት ድንጋይ የምስማር ቀዳዳው ሰፍቶ ከሆነም ዕድሜው አልቆ ሊሆን ይችላል።

ልጅዎ ድንጋዩን ብቻ መላኩም አይበቃም። ምስማሩ የመዳብ ወይም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት። በቆርቆሮ ምስማር የተመታ ስሌት ድንጋዩ ገና ልጅ ሳለ ምስማሩ ዝጎ ይለቀዋል፤ በዓለም ላይ ብዙ ጥሩ ስሌት የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ምስማሩ ሲመታም ተጠብቆ አይደለም፤ ድንጋዩ ምስማሩ ላይ እንዲንጠለጠል እንጂ እንዲጣበቅ አይፈለግም፣ አንድ መዶሻ ሲበዛ ይሰነጠቃል። ውፍረቱ ተለይቶ ወፍራሙ ከታች ወደ ጠርዙ፣ ስሱ ወደ አናቱ ይነጠፋል። 50 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነው 10 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ ሲነጠፍ በካሬ ሜትር 20 ፍሬ ይፈጃል፤ ለስብራትና ለመጠባበቂያ ቢያንስ ከአሥር አንድ ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ በእጁ ሠርቶ የሚያውቅ ባለሙያ ካልተገኘ ዋጋው ርካሽ መሆኑ ምንም አይጠቅምም።

ሙቀቱን በአጭሩ ልንካው። ጥቁር ድንጋይ የአዳማን ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፤ ከኮርኒሱ በላይ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ካልተተወ ማታም ቤቱ አይቀዘቅዝም። ዝናብ ሲመታው ግን እንደ ቆርቆሮ አይንጫጫም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ስለ እንክብካቤው ለጠየቁኝ፣ ስሌት ትንሽ ነገር ነው የሚፈልገው፤ ያችን ትንሽ ነገር ግን አጥብቆ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሕግ ማንም እንዳይረግጠው ነው። በእኛ አገር የጣሪያ ዋና ጠላት ዲሽ የሚተክለው ልጅና ሮቶ የሚያወጣው ሠራተኛ ነው፤ ቆርቆሮ ረግጠው የለመዱ ናቸው፣ አንድ እርምጃቸው ሦስት ድንጋይ ይሰብራል። ዲሹ በግድግዳ ወይም በራሱ ምሰሶ ላይ፣ ታንከሩ በራሱ ማማ ላይ ይሁን። መውጣት ግድ ከሆነ አናቱ ላይ የሚንጠለጠል የጣሪያ መሰላል ያስፈልጋል።

በግንቦት ከክረምቱ በፊት፣ እንደገና ከመስቀል በኋላ፣ መሬት ላይ ቆመው ጣሪያውን ይቃኙት። የተንሸራተተ፣ ጥጉ የጎደለ፣ የጠፋ ድንጋይ ከሩቅ ይታያል። ፀሐይ ሲበረታ ከኮርኒሱ በላይ ገብቶ ብርሃን የሚያፈስ ቀዳዳ መፈለግም ይጠቅማል። መሬት ከተንቀጠቀጠ ግን ግንቦትን አይጠብቁ፤ በማግስቱ ይዩት፣ እስኪያዩትም ድረስ ልጆች ከጠርዙ ሥር አይጫወቱ። አሸንዳው በአዳማ አቧራ ቶሎ ይደፈናል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ አድርጎት ውሃው ወደ ግድግዳው እንዳይመለስ በሚያዝያ ይጸዳ። ሁለት የጣሪያ ክንፎች በሚገናኙበት ቦይ የሚነጠፈው ላሜራ ከድንጋዩ ቀድሞ ያረጃል፤ ብዙ ጊዜ «ስሌቱ አፈሰሰ» የሚባለው እሱ ሲበሳ ነው። በአውሮፓ ይህን ቦታ እርሳስ በሚባለው ለስላሳ ብረት የመሸፈን ልማድ አለ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የዝናብ ውሃ አጠራቅመው የሚጠጡ ከሆነ እርሳስ መርዛማ ነውና ከጣሪያዎ ይራቅ፤ አሉሚኒየም ይጠቀሙ።

አንድ ድንጋይ ሲሰበር ሲሚንቶ፣ ሬንጅ ወይም ሲሊኮን የሚቀባ ሰው ከመጣ ከበር ይመልሱት። ልጥፉ ውሃውን ውስጥ ያስቀረዋል፣ ጎረቤቱን ድንጋይም ያበላሻል። ትክክለኛው ጥገና የተሰበረውን ምስማሩን ከሥር በሚስብ ቀጭን ብረት ማውጣት፣ ከመጠባበቂያው አንዱን አስገብቶ በማይዝግ መንጠቆ ማስያዝ ነው። በግፊት ውሃ ማጠብም አያስፈልገውም፣ ይጎዳዋል።

እንግዲህ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎ። ንድፉን የሠራውን መሐንዲስ ጠርቼ፣ በካሬ ሜትር 35 ኪሎ ግራም የሚመዝን ክዳን በ30 ዲግሪ ቢመጣ መሠረቱ፣ ዓምዱና ቢሙ ከርዕደ መሬት ጋር ይችሉታል ወይ ብዬ በጽሑፍ እንዲመልስልኝ እጠይቃለሁ። ይችላል ብሎ ከፈረመ የተለወጠው ንድፍ ለከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይቅረብ። እኔ ግን ቆርቆሮ ታስቦ የተሠራ ቤት ይህን ያልፋል ብዬ አልጠብቅም። ካላለፈ ማጠናከሪያ ፍለጋ አይሂዱ፤ ያለቀ ዓምድ ማወፈር ከጣሪያው በላይ ገንዘብ ይበላል።

ያኔ የልጅዎ ገንዘብ ወደ ብረት ትራስና ወደ ወፍራም ክዳን ይዙር። ቆርቆሮ ከሆነ የጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ እንደሚጨምር አይርሱ፤ 28 ጌጅ ከ35 ጌጅ በብዙ ይሻላል። የስሌት መልክ ከወደዱ ድንጋይ የተረጨበት የብረት ክዳን በካሬ ሜትር 7 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፣ የቤትዎም ዓምድ ቢሆን ሊሸከመው የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። ሻጩ «ስሌት ነው» ቢልዎ ግን ብረት መሆኑን ይወቁ፤ ዕድሜው የቀለሙና የዚንኩ ዕድሜ ነው። የትኛውንም ቢመርጡ እያንዳንዱ ትራስ በብረት ሰሌዳና በብሎን ከቢሙ ጋር ይታሰር፣ ጠርዝና ማዕዘኑ ላይ ብሎኑ ይደጋገም። ነፋሱን የሚመልሰው ይህ ነው።

ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፣ ልጅዎም ያልተሳሳተ ምኞት ነው የተመኘው። ከቤቱ ፊት ለፊት የራሱ መሠረትና ዓምድ ያለው፣ ጣሪያው 12 ካሬ ሜትር የሆነ በረንዳ ቢሠራና እሱ ብቻ በስሌት ቢከደን፣ 240 ፍሬ ድንጋይ፣ 420 ኪሎ ግራም ክብደት ነው፤ መሐንዲሱ በአንድ ቀን ሊያሰላው ይችላል። የጠርዙ ድንጋይ ሁሉ በመንጠቆ ይያዝ፣ መግቢያው በር ግን ከጠርዙ ሥር አይሁን። ልጅዎ ለዕረፍት ሲመጣ ምስማሩንና መንጠቆውን በሻንጣው ይዞ፣ ከአናጺው ጋር አብሮ ቢከድነው ደስ ይለኛል። ኮንቴይነርም አያስፈልገውም፤ ይህን ያህል ድንጋይ በሌላ ሰው ጭነት ውስጥ በሣጥን ታሽጎ ሊመጣ ይችላል። ከ240 ላይ 60 ጨምሮ ይላክ፤ ትርፉን በረንዳው ሥር አቁመው ያስቀምጡት እንጂ አጋድመው አይከምሩት፣ የታችኛው ይሰበራል።